ሁለተኛ ፈረቃ ከመክፈታችሁ በፊት አሰልጣኞቻችሁን ቁጠሩ

ጥያቄው፦ መኪና የሚገጣጥም ፋብሪካ አለን። በአንድ ፈረቃ 360 የመስመር ሠራተኛ ይዘን በቀን 150 መኪና እናወጣለን። በ8 ወር ውስጥ ሁለተኛ ፈረቃ እንድንከፍት ስለተወሰነ ሌላ 360 ሰው ያስፈልገናል። ከምንቀጥራቸው 10 ሰዎች 4ቱ ግን ሦስት ወር ሳይሞላቸው ይለቃሉ። አሰልጥነን ያበቃናቸውን የጥገና ኤሌክትሪሺያኖች ደግሞ ሌሎች ድርጅቶች ይወስዱብናል። ስልጠናውን እናርዝመው? ወይስ የሁለት ዓመት የግዴታ ውል እናስፈርም?

ምላሽ፦

የግዴታ ውሉን ለመስመር ሠራተኛ አታስፈርሙ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የስልጠናውንም ርዝመት ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ አንድ አዲስ ሰው መስመር ላይ ሲገባ አጠገቡ ቆሞ የሚያስተምረው ማን ነው? ይህን በትክክል መሥራት የሚችሉ ስንት ሰዎች አሏችሁ? ፋብሪካችሁ ሊያድግ የሚችለው በእነዚህ ሰዎች ቁጥር ልክ ነው፤ የቅጥር ክፍሉ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይህን አይለውጠውም።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ይታለፋል። አንድ አሰልጣኝ በአንድ ጊዜ በአግባቡ የሚይዘው ሁለት ሰልጣኝ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር ሲያይ ይውላል እንጂ እጁ ሥራ አይነካም። አንድ ሰው አንድ የሥራ ቦታ ላይ ብቻውን እስኪቆም አራት ሳምንት እንያዝለት። ስምንት ወር 34 ሳምንት ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት አሰልጣኞቹን ራሳቸውን ለማዘጋጀት ይሄዳሉ፤ የሚቀረው 28 ሳምንት፣ ማለትም ሰባት ዙር ነው። 20 አሰልጣኝ ካላችሁ 20 በ2፣ በ7፦ 280 ሰው ታስጀምራላችሁ። አሁን ባለው የ40 በመቶ ፍልሰት (ከተቀጠሩት የሚለቁት ድርሻ) ከእነዚህ የሚተርፏችሁ 168 ናቸው፤ ከሚያስፈልጋችሁ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚሁ ፍልሰት 360 ሰው ለማግኘት 600 ሰው ማስጀመር፣ ለዚያም 43 አሰልጣኝ ከመስመር ማውጣት ይኖርባችኋል። ፍልሰቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ ግን 30 አሰልጣኞች 420 ሰው አስጀምረው 357 ያስረክቧችኋል። ስለዚህ ስልጠናና ሠራተኛ ማቆየት ለእናንተ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። በአንድ ወረቀት ላይ መታቀድ፣ በአንድ ሰው ኃላፊነትም ሥር መሆን አለባቸው።

አሁን ሰዎቹ ለምን ይለቃሉ ወደሚለው እንሂድ። ፍልሰትን በአንድ ዓመታዊ አማካይ መለካት ምንም አይነግራችሁም። በአንድ ሳምንት የተቀጠሩትን እንደ አንድ ስብስብ ያዙና በ3ኛው፣ በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ90ኛው ቀን ስንቶቹ እንደቀሩ መዝግቡ። ሰው የለቀቀበት ቀን ከሚሰጠው ምክንያት በላይ ይናገራል። ሊወጣ የተሰናዳ ሰው መቀያየም ስለማይፈልግ በመልቀቂያ ቃለ መጠይቁ ላይ “የተሻለ ሥራ አገኘሁ” ብሎ ይሰናበታል። በዚያ ፎርም ላይ ተመርኩዞ ደመወዝ የሚያስተካክል ፋብሪካ ገንዘቡን ያለቦታው ያፈሳል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚሄዱት ሥራው እንዳሰቡት ያልሆነላቸው ናቸው። ይህኛው ኪሳራ ርካሽ መፍትሔ አለው። አመልካቹ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሰዓት መስመሩ አጠገብ ይቁም፤ ድምፁን ይስማ፣ ስምንት ሰዓት ቆሞ መዋል ምን እንደሆነ ከሠራተኞቹ አንደበት ይጠይቅ። ከዚያ የ20 ደቂቃ የእጅ ፈተና ስጡት፦ በወገብ ከፍታና ከራስ በላይ በተሰቀለ ብረት ላይ 30 ብሎን ማስገባት፣ በሥዕል መሠረት 10 የሽቦ ማገናኛ መሰካት። ይህ ከትምህርት ማስረጃው ይበልጥ ያሳያል። ለሽቦና ለቀለም ክፍል የቀለም መለየት ምርመራም ከፊርማው በፊት ይደረግ።

ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት የሚሄዱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታቸው ነው ያባረራቸው። ጣት ያብጣል፣ አንጓ ይቆስላል፣ ትከሻ ይደነዝዛል። ቀኑን ሙሉ ያንኑ እንቅስቃሴ መደጋገም ጡንቻና ጅማት ቀስ በቀስ የሚለምዱት ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ሰኞ ሙሉ ፈረቃ ማስገባት ሰውየውን ማቃጠል ነው። አንደኛውን ሳምንት በቀን ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ፣ ሁለተኛውን አራት ሰዓት፣ ሦስተኛውን ስድስት ሰዓት መስመር ላይ አውሉት። በቀሪው ጊዜ በማሰልጠኛው ቦታ ይለማመድ፣ ዕቃ ያቅርብ፣ የጥራት ፍተሻ ይይ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ቦታ ይቀያየር። መቀያየር ሲባል ግን ከአንዱ የጣራ ሥራ ወደ ሌላው የጣራ ሥራ ማዛወር አይደለም፤ ትከሻው ልዩነቱን አያውቀውም። እጅ ወደ ላይ ከሚዘረጋበት ሥራ ወደ ወገብ ከፍታ ሥራ፣ ከዚያም እየተራመዱ ወደሚሠራ ሥራ መዛወር አለበት።

ከሁለት ወር በኋላ የሚወጡት በሌላ ምክንያት ነው፦ የቡድን መሪው ጠባይ፣ የደመወዝ ንጽጽር፣ የፈረቃው ሰዓት። ሁለተኛው ፈረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ካበቃ ሠራተኛው ቤቱ የሚደርስበት ሰርቪስ የሰው ኃይል ዕቅዱ አካል ነው። ይህን ለአስተዳደር ክፍል ትቶ የፍልሰት ጥናት ማካሄድ ጊዜ ማባከን ነው። በ10ኛውና በ30ኛው ቀን ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መሣሪያው የተሟላለት መሆኑን፣ የሚያመው ቦታ መኖሩን፣ ሲቸገር ማንን እንደሚጠራ። ለሦስተኛው ጥያቄ የሰው ስም መጥራት ያቃተው ሠራተኛ ለመልቀቅ ተቃርቧል።

በፋብሪካችሁ ውስጥ እየተካሄደ ይሆናል ብዬ የምጠረጥረውን ደግሞ በቁጥር ላሳያችሁ። 360 ሰው በስድስት በስድስት ሲመደብ 60 ቡድን ይሆናል፤ በእያንዳንዱ አምስቱ የሥራ ቦታ ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ቡድን መሪ ሆኖ ነፃ ይቆማል። የሥራ ቦታው 300 ነው ማለት ነው። በአንድ ቀን ከ300ው 10 በመቶ ከሥራ ቢቀሩ 30 ቦታ ክፍት ይሆናል፤ ማን ይሸፍነዋል? ቡድን መሪው። ግማሾቹ ቡድን መሪዎች ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቁ ዋሉ ማለት ነው። በዚያ ቀን በ30 ቡድኖች ውስጥ አዲስ ሰው የሚያስተምር፣ ሲጠራ የሚደርስ፣ ስህተቱን የሚይዝለት የለም። አዲሱ ሰው ይሸማቀቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ ይቀራል፣ ወዲያው ይለቃል፤ ከሥራ የሚቀረው ሰው ቁጥር ይጨምራል፤ ብዙ ቡድን መሪም ወደ መስመር ይገባል። ይህ ዙሪያ ገጠም ካልተሰበረ ስልጠናውን ከአራት ወደ ስምንት ሳምንት ብታረዝሙት ለውጥ አያመጣም። የሚሰበረው ከሥራ የቀሩትን ለመሸፈን ብቻ የተመደበ ተተኪ በማቆም ነው፤ በእናንተ መጠን በፈረቃ ከ25 እስከ 30 ሰው። ሒሳብ ክፍሉ “ትርፍ ሰው” ብሎ ሊቆርጣቸው ይነሳል። ቡድን መሪው ከግማሽ ቀን በላይ ቦታ ሲሸፍን የዋለባቸውን ቀናት በየሳምንቱ ቆጥራችሁ አስቀምጡለት፤ ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ የለም።

ስልጠናውን በተመለከተ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አሜሪካ የጦር ፋብሪካዎቿን በፍጥነት ለመሙላት የዘረጋችው የፋብሪካ ውስጥ ስልጠና መርሐ ግብር ሠራተኛ የማስተማሪያውን ዘዴ በአራት ደረጃ አስቀምጦታል። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገብቶ ቶዮታ እስከ ዛሬ የሚሠራበት የማስተማር ዘዴ መሠረት ሆኗል። ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ሰልጣኙን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ ራሱ እንዲሠራ ማድረግ፣ ከዚያ እየተመላለሱ መከታተል። የአሰልጣኞች ኮርሱ አጭር ነው፤ በአንድ ምድብ 10 ሰው ገደማ ሆኖ በአምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ 10 ሰዓት። 30 አሰልጣኞቻችሁን በሦስት ምድብ በሦስት ሳምንት ትጨርሳላችሁ። ቀጣዮቹን ሦስት ሳምንታት የሥራ ዝርዝር ወረቀት በመጻፍ ያሳልፉ፤ 300 የሥራ ቦታ ለ30 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10 ይደርሰዋል፤ በ15 የሥራ ቀን ሊያልቅ የሚችል ነው። ስድስቱ ሳምንታት የሚሄዱት በዚህ ነው።

ወረቀቱ ሦስት ዓምድ ብቻ አለው፦ ዋናው ደረጃ፣ ቁልፍ ነጥቡ፣ ምክንያቱ። ጎማ መግጠምን እንውሰድ። ዋናው ደረጃ “አምስቱን ዳዶ ማስያዝ” ነው፤ ቁልፍ ነጥቡ እያንዳንዱን በእጅ ሁለት ዙር ማዞር፤ ምክንያቱ በማሽን የተጀመረ ዳዶ ጥርሱን አጣሞ ሊገባ ስለሚችልና ማሽኑ በጉልበቱ ስለሚደብቀው። ሁለተኛው ደረጃ “ማጥበቅ”፤ ቁልፍ ነጥቡ በኮከብ ቅርጽ አንዱን እየዘለሉ መሄድ፤ ምክንያቱ በዙሪያ ቅደም ተከተል ከጠበቀ ቸርኬው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚቀመጥና በኋላ ስለሚላላ። ሦስተኛው “በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ በሚለካ ቁልፍ) ማረጋገጥ”፤ ቁልፍ ነጥቡ አንዴ “ቀጭ” ሲል ማቆም፤ ምክንያቱ ለመተማመን ብሎ ሁለቴ ሦስቴ የሚደጋግም ሰው ከተወሰነው ልክ አልፎ ስለሚያጠብቅ። ለሽቦ ማገናኛ ደግሞ ግፋ፣ ድምፁን ስማ፣ መልሰህ ሳብ። ጫጫታ ባለበት ቦታ ድምፁ ስለማይሰማ ሦስተኛው እንቅስቃሴ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ግማሽ ገብቶ የቀረ ማገናኛ በፋብሪካው ፍተሻ አልፎ ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ በንዝረት ይወልቃል።

ብዙ አሰልጣኞች “ምክንያቱ” የሚለውን ዓምድ ባዶ ይተዉታል። ያንን አትቀበሏቸው። ምክንያቱን ያላወቀ ሠራተኛ መስመሩ ሲፈጥንበት መጀመሪያ የሚዘለው ያንኑ ቁልፍ ነጥብ ነው።

መስመር ላይ ሲገባ ሥራውን ከፋፍላችሁ ስጡት። በቀን 460 ደቂቃ የተጣራ የሥራ ጊዜ ካላችሁ 27,600 ሰከንድ ለ150 መኪና ሲካፈል ለአንድ መኪና 184 ሰከንድ ይደርሳል። አዲሱ ሰው መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን 40 ወይም 50 ሰከንዶች ሥራ ብቻ ይያዝ፤ የቀረውን አሰልጣኙ ይሥራ። ከመጨረሻው መጀመሩ መኪናው ሲሻገር ጨርሶ የማየት ስሜት ይሰጠዋል፣ ዘግይቶ ወደ ቀጣዩ ቦታ እየተጎተተ አይገባም። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ አንድ ክፍል ይጨመርለት። ብቻውን ለመቆም መመዘኛው የአሰልጣኙ “ደርሷል” የሚል ቃል አይሁን፤ 20 መኪና በተከታታይ በተወሰነው ሰዓት ያለ ስህተት ማሳለፉ ይሁን።

የችሎታ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፦ በአራት የተከፈለ ክብ፣ አንደኛው ሩብ ሥራውን ሲያውቅ፣ ሁለተኛው በረዳት ሲሠራ፣ ሦስተኛው ብቻውን በሰዓቱ ሲሠራ፣ አራተኛው ሲያስተምር ይጠቆራል። እያንዳንዱን ሥራ ቢያንስ ሦስት ሰው፣ እያንዳንዱም ሰው ቢያንስ ሦስት ሥራ ይቻል። ሰንጠረዡ የሚበላሸው ለኦዲት ሲባል በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሞላ ሲሆን ነው፤ ስድስት ወር ያልነካውን ሥራ ምልክቱን ዝቅ ማድረግ ይህን ይከላከላል።

ስለ አዲስ ሠራተኛ አንድ ምልክት ልንገራችሁ። መስመር የማስቆሚያ ገመድ ወይም ቁልፍ ካላችሁ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደጠራ ተመልከቱ። ጨርሶ የማይጠራ አዲስ ሰው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ ስህተቱን እያሳለፈ ነው፣ ወይ ባለፈው ሲጠራ ተቆጥተውታል።

ፈረቃውን ስትከፍቱ የምትሠሩት ትልቁ ስህተት አዲሶቹን በሙሉ በሁለተኛው ማከማቸት ነው። ነባሩ ፈረቃ ጥሩ ይሠራል፣ አዲሱ ጉድለት ያመርታል፣ ከዚያ “የማታዎቹ” የሚል ስም ይወጣላቸዋል፤ ስሙ ከወጣ በኋላ ማንም ወደዚያ መዛወር አይፈልግም። በሰባቱ ዙሮች የሚገቡትን ሁሉ በቀኑ ፈረቃ ከነባሮች ጋር ደባልቋቸው፤ የመክፈቻው ቀን ሲደርስ እያንዳንዱን ቡድን ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሽ ነባር ግማሽ አዲስ። አዲሶቹን 60 ቡድን መሪዎች ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ሰይሙ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመስመር አታንሱ፤ በሳምንት አምስት ብታነሱ በ12 ሳምንት ያልቃል፣ የመጀመሪያው ፈረቃ ጥራትም አይናጋም። ጎበዝ ገጣጣሚ ሁሉ ጎበዝ መሪ አይሆንም፤ ምርጫውን በእጁ ፍጥነት ሳይሆን በሰንጠረዡ አራተኛ ሩብ፣ ማለትም ስንት ሰው እንዳስተማረ እዩ። ሠራተኛ ጓደኛውንና ዘመዱን ይዞ ሲመጣም ተቀበሉት፤ ግን አንድ ቡድን ውስጥ አትመድቧቸው፣ አብረው እንደመጡ አብረው ይሄዳሉ።

ቡድኖቹ ለሁለት ፈረቃ ሲከፈሉ የእያንዳንዱ ፈረቃ የልምድ መጠን በግማሽ ስለሚቀንስ ፍጥነቱም ይቀንስ። በፈረቃ 100 መኪና ጀምሩ፤ ለአንድ መኪና 276 ሰከንድ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ያለ መዘግየት ካለፈ ወደ 120 (230 ሰከንድ)፣ ቀጥሎ ወደ 135 (204 ሰከንድ)፣ በመጨረሻ ወደ 150። በ100ም ቢሆን ሁለቱ ፈረቃዎች ተደምረው 200 ያወጣሉ፤ የሽያጭ ክፍሉ ሊታገስ ይችላል።

አሁን ስለ ታማኝነት። የደመወዝ ጭማሪ ብቻውን ሰውን ያስቀራል ወይ ለሚለው የታወቀው ማስረጃ የፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ተንቀሳቃሹን መስመር ባስገባበት ዓመት ፍልሰቱ 370 በመቶ ነበር፤ ወደ 14,000 የሚጠጋ የሰው ኃይል ለመያዝ ከ50,000 በላይ ሰው ቀጥሯል። በ1914 መጀመሪያ የቀን ክፍያውን ከ2.34 ዶላር ወደ 5 ዶላር አወጣው፣ የሥራ ቀኑንም ከ9 ሰዓት ወደ 8 አወረደው። ፍልሰቱ በዚያ ዓመት ወደ 54፣ በቀጣዩ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ገንዘብ ሠርቷል፤ ግን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አድርጎ፣ ሰዓቱንም ቀንሶ ነው። የ8 ወይም የ10 በመቶ ጭማሪ የዚህ ታናሽ ወንድም አይደለም፤ ጎረቤት ፋብሪካ በሦስት ወር ውስጥ ይደርስበታል።

ሌላኛው ማስረጃ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 የዘጋውን ፋብሪካ ከቶዮታ ጋር በሽርክና በ1984 ሲከፍቱት ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ። ከመዘጋቱ በፊት በየቀኑ ከአምስቱ አንዱ ይቀር በነበረበት ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች ከሥራ የሚቀሩበት መጠን ወደ 2 እና 3 በመቶ ወረደ። ቡድን መሪዎቹ ጃፓን ሄደው መስመር ላይ ሠልጥነው ነበር፤ ማንኛውም ሠራተኛ መስመሩን ማስቆም ይችል ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ሽያጩ ወድቆ ፋብሪካው ከአቅሙ 60 በመቶ ገደማ ሲሠራ የሆነው ነው፦ ማንም አልተቀነሰም፣ ሥራ የፈታው ሰዓት ለስልጠናና ለአሠራር ማሻሻያ ዋለ። ሠራተኛ የድርጅቱን ቃል የሚመዝነው በዚያን ጊዜ ነው። ፋብሪካው በ2010 መዘጋቱም መነገር አለበት፤ ጄኔራል ሞተርስ ከሽርክናው ወጥቶ ነበር። ስለዚህ “ዕድሜ ልክ እናቆያችኋለን” አትበሉ። ማድረግ የምትችሉትን ብቻ በጽሑፍ ስጡ፦ ምርት ሲቀንስ መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ይቆማል፣ ቀጥሎ ቅጥር ይቆማል፣ ቀጥሎ የኃላፊዎች ክፍያ ይቀነሳል፣ የሠራተኛ ቅነሳ የመጨረሻው ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ የምትይዙ ከሆነም ቋሚ መሆኑ የሚወሰንበትን ቀን ከመጀመሪያው ንገሩት። አንድ ሥራ ላይ ጎን ለጎን ቆመው በተለያየ ደመወዝ ያለ ማብቂያ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ለቡድኑ መርዝ ናቸው።

የደመወዝ እርከኑን ከሰንጠረዡ ጋር አያይዙት፤ ሦስት ሥራ የቻለ አንድ እርከን፣ ስድስት የቻለ ሁለት፣ የሚያስተምር ሦስት። ሁሉም በአንድ ዓመት ጣሪያ እንዳይነካ ግን በእርከኖቹ መካከል ቢያንስ ስድስት ወር ይኑር።

የጥገና ኤሌክትሪሺያኖቹና የሮቦት ባለሙያዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። የመስመር ሠራተኛ በሳምንታት ይተካል፤ እነሱ በዓመታት። በጀርመን የሜካትሮኒክስ (የሜካኒክና የኤሌክትሮኒክስ ጥምር) ሙያ ስልጠና በፋብሪካና በሙያ ትምህርት ቤት እየተፈራረቀ ሦስት ዓመት ተኩል ይወስዳል። የኤሌክትሪክ መኪና የምትገጣጥሙ ከሆነ 400 ወይም 800 ቮልት ያለበትን ብርቱካናማ ኬብል መንካት የሚችሉት የምስክር ወረቀት ያላቸው ብቻ ናቸው፤ ያ ደግሞ በጥድፊያ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ከአሁኑ መስመር ውስጥ ዝንባሌ ያላቸውን 10 እና 12 ወጣቶች መርጣችሁ የሁለትና የሦስት ዓመት መንገድ ክፈቱላቸው። ከውጭ ተቀጥሮ ከመጣው ይልቅ ከመስመር ያደገው ሰው ይቆያል፤ ማሽኑንም በድምፁ ያውቀዋል።

የግዴታ ውል ቦታ ካለው እዚህ ጋ ነው፤ ያውም ድርጅቱ ከውጭ ለከፈለበት ውድ ኮርስ ብቻ። የሀገራችሁን የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይየው፤ የዕዳው መጠን ከኮርሱ ክፍያ አይብለጥ፣ በየወሩም ከ24 አንድ እጅ ይቀነስ፤ በ12ኛው ወር የለቀቀ ግማሹን ብቻ ይከፍላል። ለመስመር ሠራተኛ ግን ዋጋ የለውም። የአራት ሳምንት ስልጠናው ወጪ ፍርድ ቤት የሚያስሄድ አይደለም፤ በግድ የቆየ ሰው ደግሞ ዳዶውን ሁለት ዙር በእጁ ለማስያዝ አይጨነቅም፤ የቀረውን ቀን ቆጥሮ ውሉ ባለቀ ማግስት ይሄዳል። በቃለ መጠይቁ ላይ “ሁለት ዓመት ትታሰራለህ” መባሉ ደግሞ አማራጭ ያላቸውን ጎበዞች ያሸሽና ሌላ ቦታ ያላገኙትን ያስቀርላችኋል።